ጊታሪስት በዕቃው ረክቶ ያውቃል?

እ.ኤ.አ. በ1998 ላይን ሲክስ የተባለው ድርጅት ፖድ የሚባል ትንሽ ሣጥን ለገበያ አቀረበ። ሣጥኑ የታወቁ አምፕሊፋየሮችን፣ በአጭሩ አምፖችን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎሉ መሣሪያዎችን፣ ድምፅ በኮምፒዩተር ስሌት ይኮርጅ ነበር። ጊታሪስቱ ከባድ አምፕ ሳይሸከም፣ አንድ ቁልፍ እያዞረ ከአንዱ አምፕ ወደ ሌላው መሻገር ቻለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጣም ረቅቋል። ዛሬ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ በሚጫን ፕሮግራም በርካታ አምፖች፣ ስፒከሮችና ፔዳሎች ይገኛሉ። በቀረጻ ላይ ከእውነተኛው ለመለየት የሚያስቸግሩም አሉ።

ሁሉም ድምፅ በአንድ ሣጥን ከገባ ፍለጋው ያበቃል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ግን አላበቃም። ጊታሪስቶች አሁንም ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ጉዳይ የሚወራው ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «ይሄ የግዢ ሱስ ነው፤ ድምፁ ያለው ጣት ላይ ነው» ይላል። ሌላው «ትክክለኛውን ዕቃ ገና ስላላገኘህ ነው» ይላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም የሚዘሉት ነገር ግን አለመርካት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ነው። ምክንያቱ ተፈልጎ የሚገኝለት አለመርካት አለ፤ ይህ በአብዛኛው ይስተካከላል። «ምን ጎደለህ?» ሲባል መልስ የሌለው ደግሞ አለ። እሱን አዲስ ዕቃ አያስታግሰውም። ሁለቱን ለመለየት ድምፁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል።

ከጣት እስከ ጆሮ ያለው ሰንሰለት

ሴትአፕ ሲባል ጊታሩ፣ ክሮቹ፣ ፒክአፑ፣ ኬብሉ፣ ፔዳሎቹ፣ አምፑና ስፒከሩ በአንድ ላይ ማለት ነው። ፒክአፕ የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ነው። ፔዳል ደግሞ በእግር የሚረገጥ፣ ድምፁን የሚያሻክር ወይም የሚያስተጋባ ትንሽ ሣጥን ነው።

በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቦታ የተነካ ነገር ሌላውን ይነካል። ባትሪ የማይጠቀም ተራ ፒክአፕ ያለው ጊታር በረጅም ኬብል ሲሰካ ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑና ብሩሁ ድምፅ፣ ይደበዝዛል። ኬብሉ ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ ኬብል የቀየረ ሰው አምፑን እንደገና ማስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ፔዳል የጨመረም እንደዚያው። አንድ ግዢ ሌላ ግዢ ሲጠራ ሁልጊዜ ስግብግብነት አይደለም።

በሙዚቀኞች ዘንድ ለዚህ ባሕርይ «ጋስ» የሚባል ስም ወጥቶለታል። ዕቃ የመሰብሰብ አባዜ እንደማለት ነው። በ1990ዎቹ ስሙን ያስተዋወቀው ስቲሊ ዳን የተባለው ባንድ ጊታሪስት ዋልተር ቤከር ነው። አጻጻፉ የቀልድ ነበር። ዛሬ ግን ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ስያሜው ብዙዎች ራሳቸውን እንዲያዩ ረድቷል። በእኔ እይታ ግን ጉዳትም አለው፤ ተገቢ የሆነውን ቅሬታ ከአባዜው ጋር አንድ ላይ ያስፈርጃል።

ጊታር ፍጹም ተቃኝቶ አያውቅም

ተገቢው ቅሬታ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች፣ ኦክታቭን፣ ማለትም አንድ ኖታ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ቦታ ይከፍላሉ። ይህ አከፋፈል ዘፈኑን ከየትኛውም ኖታ ተነስቶ ለመጫወት ያስችላል። የሚያስከፍለውም አለ።

የድምፅ ከፍታ ልዩነት በሴንት ይለካል። በሁለት ተከታታይ ፍሬቶች መካከል 100 ሴንት አለ። የኮርድን፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ኖታዎችን፣ ደስታ ወይም ብርሃን የሚሰጠው ሜጀር ሰርድ የሚባለው ርቀት፣ ድምፆቹ በተፈጥሯቸው ሲስማሙ 386 ሴንት ገደማ ነው። ጊታሩ የሚሰጠው 400 ነው። 14 ሴንት ያህል ከፍ ብሏል ማለት ነው። የሠለጠነ ጆሮ ይህን ይሰማል። ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ አንድ ነገር ይቆረቁረዋል።

አንድ ጊታሪስት የኢ ሜጀር ኮርድ እንዲጣፍጥለት ሦስተኛውን ክር በጣም ጥቂት ዝቅ አደረገ እንበል። ኢ አማረ። ወደ ጂ ሜጀር ሲሄድ ያው ክር ሳይጫን ይመታል፤ አሁን ወርዷል። ጂን ሲያስተካክል ኢ ይበላሻል። ፍሬቶቹ ቀጥ ብለው በተተከሉበት ጊታር ሁሉ፣ ርካሽም ሆነ ውድ፣ ይህ ችግር አለ። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ጣቱን ትንሽ አንሸራትቶ ያመልጣል። ጊታሪስት ፍሬቱ ያስረዋል።

ዲስቶርሽን ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ዲስቶርሽን የድምፁን ሞገድ ጫፍ ቆርጦ የሚያሻክር ሂደት ነው። ሁለት ኖታዎች አብረው ሲያልፉበት ያልተመቱ ሌሎች ድምፆችን ይወልዳል። ሜጀር ሰርድ ላይ እነዚህ ድምፆች እርስ በርስ ይጋጫሉ። የሮክ ጊታሪስቶች ፓወር ኮርድን የሚያዘወትሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ፓወር ኮርድ ሰርዱን አውጥቶ ሩትና ፊፍዝ የተባሉትን ኖታዎች ብቻ ያስቀራል። ፊፍዙ ከተፈጥሯዊው ርቀት የሚለየው በ2 ሴንት ብቻ ስለሆነ በሻካራ ድምፅ ውስጥም ይጠራል።

በዚህ ላይ ክር ያረጃል። ላብና ቆሻሻ ይይዘዋል፣ ብርሃኑ ይጠፋል። እንጨትም እርጥበት ይስባል፣ ይለቃል። የአኩስቲክ ጊታር ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 በመቶ የአየር እርጥበት ይመክራሉ። አየሩ ከዚያ በላይ ሲረጥብ ወይም ሲደርቅ ገላውና አንገቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። ባለፈው ወር እጅ ላይ የተመቸ ጊታር ዛሬ እንግዳ ቢሆን ጥፋቱ የባለቤቱ ስሜት ላይሆን ይችላል። መሣሪያው በእርግጥም ተለውጧል።

ቤት ያማረው መድረክ ላይ ለምን ይጠፋል?

ከሁሉም በላይ ጊታሪስቶችን የሚያንከራትተው ይህ ይመስለኛል። በ1933 ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ የሰው ጆሮ ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን እንዴት እንደሚሰማ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሯችን በተለይ ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ አሳንሶ ይሰማል። ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ለጊታሪስት ይህ ምን ማለት ነው? ማታ ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርጎ የሚጫወት ሰው ባሱ የጎደለ ይመስለዋል። ይጨምራል። ብሩህ እንዲሆንለት ትሬብሉንም ይጨምራል። መካከለኛውን ይቀንሳል። የሚሰማው ድምፅ ሰፊ፣ ለስላሳና የተሞላ ይሆናል። በማግሥቱ ያንኑ አቀማመጥ ይዞ መድረክ ላይ ድምፁን ሲከፍተው ባሱ ያጓራል፣ ትሬብሉ ጆሮ ይወጋል።

ባንዱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫን ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የባስ ጊታሩ ወፍራም ክር 41 ጊዜ ነው፤ ከሱ በላይ የሚወጡት ድምፆችና የትልቁ ከበሮ ምት የጊታሩን የታችኛውን ክፍል ይሸፍኑታል። ከላይ ሲምባሉ አለ። ለጊታሩ የሚቀረው ክፍት ቦታ መካከለኛው ነው። ቤት ውስጥ የተቀነሰው ግን እሱው ነው! ሰውየው «ይሄ አምፕ መድረክ ላይ አይሰማም» ብሎ አምፑን ይሸጣል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው የአይባኔዝ ቱዩብ ስክሪመር ፔዳል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ባሱን ይቀንሳል፣ መካከለኛውን ያጎላል። ለብቻው ሲሰሙት ጠበብ ያለና በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ሞክሮት ቅር የሚለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ከበሮና ባስ ባለበት ግን ጊታሩን ከሕዝቡ መካከል አውጥቶ ያቆመዋል። ለዓመታት በብዙ መድረኮች የቆየውም ለዚህ ነው።

የስፒከሩ አቀማመጥም አለ። 12 ኢንች የሆነ የጊታር ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ቀጥታ ወደፊት ይልከዋል። አምፑ ወለል ላይ ተቀምጦ ተጫዋቹ አጠገቡ ሲቆም ብሩሁ ድምፅ በጉልበቱ በኩል ያልፋል። የደፈነ ስለሚመስለው ትሬብሉን ይጨምራል። ፊት ለፊት የተቀመጠው አድማጭ ይሠቃያል። ተጫዋቹና አድማጩ አንድን አምፕ እየሰሙ ሁለት የተለያየ ድምፅ ይደርሳቸዋል።

ቱዩብ አምፖች፣ ማለትም በብርጭቆ ቫኪዩም ቱዩብ የሚሠሩት፣ አብዛኞቹ ወዛቸውን የሚያወጡት ድምፃቸው በደንብ ሲከፈት ነው። ትልቅ አምፕ ገዝቶ በትንሽ ክፍል ውስጥ በትንሽ ድምፅ የሚጠቀም ሰው የገዛውን ነገር ሰምቶት አያውቅም ማለት ይቻላል።

መፈለግና መውደድ

እስከዚህ ያለው በቴክኒክ የሚብራራ ነው። ቀሪው የአእምሮ ጉዳይ ነው። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1971 እንዳቀረቡት፣ ሰው አዲስ የመጣለትን መልካም ነገር ቶሎ ይለምደዋል፤ ደስታው ወደ ቀድሞው ደረጃ ይመለሳል። የነርቭ ሳይንቲስቱ ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቹ ደግሞ አንድን ነገር መፈለግና ነገሩን መውደድ በአንጎል ውስጥ በተለያየ መንገድ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል ይበልጥ የተያያዘው ከመፈለጉ ጋር ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉን ለሳምንታት ሲመኝ፣ ሲያነብ፣ ቪዲዮ ሲያይ ቆይቶ፣ በእጁ ሲገባ ስሜቱ ቢቀዘቅዝ አያስደንቅም። ፔዳሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ይህ ጊታሪስቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጊታር ላይ የሚብሰው ሰንሰለቱ ብዙ ክፍል ስላለው ይመስለኛል። ሁልጊዜ ያልተቀየረ አንድ ነገር ይኖራል።

ገበያው ከየት ይበላል?

አንዲ ሙኒ የጊታር አምራቹ ፌንደር ሥራ አስፈጻሚ በነበሩበት ጊዜ ኩባንያው ያስጠናውን ጥናት በይፋ ተናግረዋል። ከሚሸጡት ጊታሮች 45 በመቶ የሚሆኑት የሚሄዱት ለጀማሪ ነው። ከጀማሪዎቹ 90 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያቆማሉ። የቀሩት ግን ዕድሜ ልካቸውን አብረው ይቆያሉ፤ በርካታ ጊታርና አምፕም ይኖራቸዋል። የንግዱ ቀመር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ጸንተው የቀሩት ጥቂቶች ደጋግመው ካልገዙ ኢንዱስትሪው አይቆምም። ኩባንያዎቹ ጀማሪውን ለማስቀጠል ትምህርት ውስጥ መግባታቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ገበያው የሚሸጠው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም ይሸጣል። የፌንደር ስትራቶካስተር የወጣው በ1954 ነው። የጊብሰን ሌስ ፖል በ1952። ዛሬም በብዛት የሚፈለጉት እነዚሁ ቅርጾች ናቸው። ከ1958 እስከ 1960 የተሠሩት ሰንበርስት የሚባል ቀለም ያላቸው ሌስ ፖሎች ከመሣሪያነት አልፈው የሰብሳቢዎች ሀብት ሆነዋል። ክሎን ሴንቶር የተባለውን ፔዳል ቢል ፊነገን ከ1994 ጀምሮ ሠርቶ የሸጠው 8,000 ገደማ ነው። ምርቱ ከቆመ በኋላ ዋጋው በሺዎች ዶላር ወጣ። በዚያ ፈንታ ተመሳሳይ ነን የሚሉ በርካታ ቅጂዎች መጡ። ቅጂውን የገዛ ሰው «ኦሪጅናሉ ይለይ ይሆን?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይገዛል። ይህ ጥያቄ ድምፅ በመስማት ብቻ የሚዘጋ አይደለም። ጥያቄው ያለው ስሙ ላይ ነው።

ዕቃው በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?

ዕቃ ለውጥ የለውም የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ 6 አኩስቲክ ጊታሮችን ለ52 ጊታሪስቶች ሰጡ። ተጫዋቾቹ እንጨቱን እንዳይለዩ የብየዳ መነጽር አድርገው ነበር። ለድምፁ ጥራት የሰጡት ነጥብ በጣም ተቀራራቢ ሆነ። ከእንጨቶቹ መካከል እጅግ ውድና ብርቅ የሆነው የብራዚል ሮዝውድ ነበረበት። በቫዮሊን ላይም ክላውዲያ ፍሪትስና ባልደረቦቿ በተመሳሳይ ዘዴ ባደረጉት ሙከራ፣ ተጫዋቾቹ ከጥንታዊዎቹ ይልቅ ወደ አዲሶቹ አዘንብለዋል።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። የላንካስተሩ ጥናት የሚናገረው ስለ ጀርባና ጎን እንጨት ነው። ስለ ጊታር ሁሉ አይደለም። ስፒከር መቀየር ድምፁን በግልጽ ይቀይረዋል፤ ለዚህ መነጽር አያስፈልግም። ሌላም አለ። አድማጭ የማይሰማው ልዩነት ለእጅ ሊሰማ ይችላል። የአንገቱ ውፍረት፣ የክሩ ከፍታ፣ የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.009 ወይም 0.010 ኢንች መሆኑ፣ አምፑ ለጣት ግፊት የሚሰጠው ምላሽ ተጫዋቹ የሚመርጠውን ኖታ ይቀይራሉ። ምቾት የተሰማው ሰው በተለየ መንገድ ይጫወታል። ያ ደግሞ ለአድማጭ ይሰማል። «ድምፁ ጣት ላይ ነው» የሚለው አባባል እውነት ከሆነ፣ ጣት የሚነካው ነገር ሊናቅ አይችልም።

ረክተዋል የሚባሉት

የካንትሪ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን ከ1969 ጀምሮ ትሪገር ብሎ የሰየመውን አንድ ማርቲን ጊታር ይዞ ቆይቷል። መምቻው ገላውን በልቶ ቀዳዳ አውጥቶበታል። አልለወጠውም፤ ግን በየጊዜው ያስጠግነዋል። የክዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይ በ1963 ከአባቱ ጋር መሥራት የጀመረውን ሬድ ስፔሻል እስከ ዛሬ ይጫወታል። የአንገቱ እንጨት የመጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ፍሬም ነው። ይህ ጊታር ከመጀመሪያው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ታውቆ የተሠራ ነው። ፊድባክ፣ ማለትም ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ክሩን መልሶ የሚያርገበግብበትን ሁኔታ፣ ተጫዋቹ እንዲቆጣጠረው ታስቦበታል። ፒክአፖቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማብሪያና ማጥፊያ አላቸው።

የፒንክ ፍሎይድ ባንድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር በሌላ መንገድ ሄዷል። በ1970 የገዛውን ጥቁር ስትራቶካስተር ለዓመታት ሲነካካው ኖሯል። ፒክአፑን፣ አንገቱን፣ ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብሪጅ ቀያይሯል። አንዳንዱን መልሶ ወደነበረበት አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ120 በላይ ጊታሮቹን በጨረታ ሲሸጥ ይህ ጊታር ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ አወጣ። ገንዘቡን ለአካባቢ ጥበቃ ሰጠ። ከዚህ የምረዳው አንድን መሣሪያ መውደድና መለወጥን ማቆም የግድ አብረው እንደማይሄዱ ነው።

ብዙም ስማቸው የማይነሳ ሌሎች አሉ። ቲያትር ውስጥ ወይም ለተለያዩ ዘፋኞች በቅጥር የሚጫወቱ ጊታሪስቶች በአንድ ምሽት ብዙ ዓይነት ድምፅ ይጠየቃሉ። የሚለኩት ሥራውን በመወጣት ነው። እነሱ ዘንድ «የልቤን ድምፅ አገኘሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታ ያጣል። በ«ይህ ክፍል ተሰማ ወይ?» ይተካል። የዚህ ጥያቄ መልስ በዚያው ምሽት ይገኛል።

ዲጂታሉ ምን ያመጣል?

የዲጂታል አምፖች ደጋፊዎች ትክክል የሆኑበት ነገር አለ። ቤት ውስጥ በሔድፎን የተከፈተ አምፕ ድምፅ ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው። በየመድረኩ ተመሳሳይ ድምፅ ይዞ መሄድም እንዲሁ። ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ደግሞ የምርጫ ብዛትን ነው። አምፑ 3 ቁልፍ ብቻ ሲኖረው ማስተካከሉ ቶሎ ያልቃል። መቶ አምፕ ሲኖር የልምምዱ ሰዓት በማስተካከል ያልፋል። ሁለቱም እውነት ነው። የሚወስነው ሣጥኑ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው፤ ጥቂት ድምፆችን መርጠው ሌላውን የሚዘጉ ሰዎች ከእፎይታውም ከቁጥቡ ምርጫም ይጠቀማሉ።

የፕሮግራሞቹ ጥራት እያደገ ሲሄድ «ኦሪጅናል» የሚለው ስም ከድምፅ ይበልጥ ወደ ስብስብ ሊያዘነብል ይችላል። አሮጌ ዕቃ ይበልጥ ይወደዳል፤ ተራው ተጫዋች ግን ያለሱ ይሠራል። ያገለገለ ዕቃ ገበያም ይሰፋል፤ አንድ ፔዳል ብዙ እጅ ያልፋል። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ዜና ነው።

በድምፁ ቅር ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያጣራ የሚችላቸው ነገሮች ርካሽ ናቸው። ክር መቀየር። የክሩን ከፍታና የአንገቱን ቅስት ባለሙያ እንዲያስተካክል ማድረግ። የፒክአፑን ርቀት በስክሩድራይቨር ከፍና ዝቅ አድርጎ መሞከር። አምፑን ከወለል አንስቶ ወደ ጆሮ ማዘንበል። ከባንዱ ጋር በትክክለኛው ድምፅ ተጫውቶ፣ አድማጭ ከሚቀመጥበት ቦታ ቀርጾ መስማት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቅሬታው ካልሄደ ጉድለቱ ስም ይኖረዋል፦ ባስ በዝቷል፣ ኖታው ቶሎ ይሞታል፣ አንገቱ ለእጅ ይወፍራል። ያኔ ዕቃ መቀየሩ ተገቢ ነው፤ የትኛው ክፍል እንደሚቀየርም ይታወቃል። ድምፁ ወጋኝ ወይም ደፈነብኝ ለሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚበቃው ስፒከሩን ብቻ መቀየር ነው፤ ጊታሩም አምፑም ባሉበት ይቆያሉ።